ጊሪያና ጀሪካን

ባለፈው ክረምት እናቴ ከጓዳ ወደ ግቢ ስትወጣ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ተመስገን። ነገር ግን ላነሣት ጎንበስ ብዬ፣ ብብቷን ይዤ ብጎትታት ወገቤ እምቢ አለኝ። ደግሜ ሞከርሁ፤ አልሆነም። ያነሣት ጩኸቴን ሰምቶ የመጣ የጎረቤት ልጅ ነው። ገበያ ውስጥ የእህል ጆንያ የሚያወርድ ጎረምሳ፤ ቁጢጥ ብሎ፣ ደረቷን አቅፎ፣ ያለ አንዳች ድካም አቆማት። "ደኅና ነኝ፤ አትደንግጥ" ያለችው ለእኔ ነው። ያን ሌሊት እሷ ስትተኛ እኔ አልተኛሁም።

ብረት ለማንሣት የወሰንሁት በማግስቱ ነው። ብረትስ አልቸገረኝም። በወጣትነቴ የሠራሁት ከግቢው ጥግ ወድቆ ነበር፤ በሲሚንቶ የተሞሉ ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳዎች በውኃ ቧንቧ ቁራጭ ተጋጥመው። የእኔ ዘመን የባሕር ዳር ጎረምሳ ደረቱን ያሳበጠው በእንዲህ ያለው ነበር። አንደኛው ጣሳ ምንጊዜም ከሌላው ይከብዳል፤ የአንዳንዶቻችን ትከሻ ዛሬም ዘንበል የሚለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከመስታወት ፊት ቆሜ አንድ ወር ሙሉ ክንዴን ሳጥፍ ስዘረጋ ከረምሁ። ክንዴ ጠነከረ፤ ወገቤ ግን ያው ወገቤ ነበር።

ነገሩን ለአጎቴ አጫወትኋቸው። አጎቴ በ1970ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ከተማሩት መካከል ናቸው። "አንተ የሚያስፈልግህ ጊሪያ ነው" አሉኝ። ጊሪያ ያሉት ዛሬ ወጣቶቹ ኬትልቤል የሚሉትን፣ እጀታ ያለውን የብረት ድብልብል ነው። ሩሲያ ውስጥ መጀመሪያ የገበያ ሚዛን ድንጋይ ነበር፤ የሚለካውም በፑድ ነው። አንድ ፑድ 16.38 ኪሎ ይመዝናል። የእኛ የቡና ነጋዴ ፈረሱላ ከሚለው 17 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ይህን ሳውቅ ባዕዱ ብረት በጥቂቱ ዘመዴ መሰለኝ።

ዳምቤል ክብደቱ ከመዳፍ ግራና ቀኝ እኩል ስለተከፈለ ረግቶ ይነሣል፣ ረግቶ ይወርዳል። የጊሪያ ክብደት ግን ከመዳፍ ውጪ ተንጠልጥሎ ይጎትታል። በሁለት እጅ ይዘው፣ በእግር መካከል ወደ ኋላ አሳልፈው፣ ወደ ፊት ሲያወዛውዙት የሚሠራው በዋናነት ዳሌና የጭን ጀርባ ነው። እኔን የጎደለኝ ይኸው ነበር። ጉድለትም አለው፤ አንዱ ጊሪያ አንድ ክብደት ብቻ ነው። የቆየው እርከን 16፣ 24፣ 32 ኪሎ ሲሆን ከ16 ወደ 24 መዝለል ሸክሙን በግማሽ መጨመር ማለት ነው። ሳህን የሚጨመርበት ዳምቤል በአንድ በሁለት ኪሎ ያሳድጋል፤ ጡንቻውን ቀስ በቀስ ማዳበር ለሚሻ ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። ለእኔ ግን ጊሪያው ይሻለኝ ነበር። የተጠየቅሁበት ዋጋ ከደመወዜ ጋር አልተዋወቀም እንጂ።

አንድ ማለዳ በጣና ዳር ስሄድ ታንኳውን ከውኃ የሚያወጣ ሰው አየሁ። የደንገል ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። ሰውዬው ክንዱን አላጠፈም። ጀርባውን አቅንቶ፣ ዳሌውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ክንዶቹን እንደ ገመድ ዘርግቶ ሳበው። አጎቴ በቃል ያስረዱኝን በዓይኔ አየሁት። ውኃ የጠጣ ነገር መክበዱም ቤት ያለውን ጀሪካን አስታወሰኝ።

ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን እጀታ አለው፤ አንድ ሊትር ውኃም አንድ ኪሎ ነው። በ8 ሊትር ጀመርሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ሊትር እጨምራለሁ። ይህን ጊሪያም አያደርገውም። ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በውኃው ፋንታ ደረቅ አሸዋ ቢሞሉት 30 ኪሎ ያህል፣ ወደ ሁለት ፑድ ይጠጋል። እጀታው መዳፍ ስለሚቆርጥ ጨርቅ ጠምጥሜበታለሁ። ማወዛወዙን ትቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ክዳኑ ተከፍቶ የጎረቤት ስጥ አጥቤያለሁና። ከመሬት ብድግ አድርጌ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ በቃ።

እናቴ በረንዳው ላይ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። በልጅነቷ ከጣና በእንስራ ውኃ የቀዳች ናት።

"እንስራ ቢሆን ይኼኔ ሰባብረኸው ነበር" አለችኝ አንድ ጠዋት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ምክር አነበብሁላት፤ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛናቸውንና ጉልበታቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይላል። ሳቀች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዱካውን በእጇ ሳትደገፍ ተነሣች፤ ተቀመጠች። ደግማ ተነሣች። ጀሪካኑን አስቀምጬ አጠገቧ ቆምሁ።

"ስንት ሆነ?"

"ሰባት፣ እማዬ።"

"ስምንተኛውን ለነገ አቆይልኝ፤ ቡናው ሊገነፍል ነው" ብላ፣ እጄን ሳትይዝ ወደ ጓዳ ገባች።