የተጮኸባት ዘፈን

የብራዚል ሙዚቃ ሲባል አንዳንዶቻችን የሚታየን ካርኒቫልና ከበሮ ብቻ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ ቡና ሲጠጣ የሚከፈተው ለስላሳው ቦሳ ኖቫ ትዝ ይለናል። ሁለቱም ውሸት አይደለም፤ ግን ከደጅ መመለስ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን ካልን እስቲ ትንሽ ገባ እንበል። ለመነሻም የመረጥነው ሕዝብ ያጨበጨበላትን ሳይሆን የጮኸባትን ዘፈን ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1964 ጀምሮ ብራዚልን የሚገዙት ወታደሮች ነበሩ። በሴፕቴምበር 1968 ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ውስጥ፣ ማራካናዚንዮ በተባለው የስፖርት አዳራሽ፣ ትልቅ የዘፈን ውድድር ለፍጻሜ ደረሰ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ዤራልዶ ቫንድሬ ጊታሩን ብቻ ይዞ ወጣ። ዘፈኑ ቀላል፣ እንደ ሰልፍ እርምጃ የሚመታ፣ መልእክቱም የማይደበቅ ነበር። ሌላዋ ዘፈን «ሳቢያ» ትባላለች፤ ዜማዋ የቶም ዦቢም፣ ግጥሟ የሺኮ ቡዋርኪ። ሳቢያ ብራዚላውያን ለድምፅዋ የሚወዷት ወፍ ናት። ዘፈኗም ወደ ስፍራው እንደሚመለስ ለራሱ የሚነግር ሰው ናፍቆት ናት፤ ዝግ ያለች፣ ባንድ መስማት የማትያዝ።

ዳኞቹ ሳቢያን አንደኛ፣ የቫንድሬን ዘፈን ሁለተኛ አደረጉ። አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ተናጋ። ሲናራና ሲቤሌ የተባሉት እኅትማማቾች በዚያ ጩኸት መሐል ዘፈኑ። ቫንድሬ ራሱ ሕዝቡ ሁለቱን ደራሲዎች እንዲያከብር ቢለምንም የሰማው የለም።

የጮኹትን ሰዎች አንፈርድባቸውም። በዚያው ዓመት በማርች ኤድሰን ሉዊስ የሚባል ተማሪ በሪዮ ፖሊስ ጥይት ተገድሏል። በጁን ደግሞ «የመቶ ሺዎቹ ሰልፍ» በሚል ስም የሚታወሰው ሕዝብ ከተማውን አጥለቅልቋል። «ተማሪ በሚገደልበት አገር ስለ ወፍ ይዘፈናል ወይ?» ቢሉ ምን ይገርማል? እኛስ «ጥበብ ለጥበብ ወይስ ጥበብ ለሕይወት» እያልን በየመኝታ ክፍሉ ስንከራከር የምናመሸው ይኼንኑ ጥያቄ ይዘን አይደል?

ታዲያ ምን ሆነ? ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1968፣ መንግሥቱ «አምስተኛው ድንጋጌ» የሚባለውን አወጣ። ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ ሳንሱሩ ጠበቀ። ዢልቤርቶ ዢልና ካዬታኖ ቬሎዞ በዚያው ወር ታሰሩ፤ በኋላም ለንደን ተሰደዱ። ቫንድሬ ተሸሽጎ ከቆየ በኋላ ከአገር ወጣ፤ ዘፈኑም ታገደች። ሺኮ ጣሊያን ተቀመጠ። እንግዲህ አስቡት፤ በሰው አገር ብርድ ለተቀመጠ ስደተኛ የትኛዋ ዘፈን ናት የምትናገርለት? ያቺው፣ ወደ ስፍራዬ እመለሳለሁ የምትለው! በሴፕቴምበር ስለ ወፍ ብቻ የመሰለችው ዘፈን በዲሴምበር ስለ ሰው ሆነች። ከግጥሟ ግን አንዲት ቃል አልተለወጠችም።

ሺኮ ከጣሊያን ተመልሶ በ1970 «አፔዛር ጂ ቮሴ»ን አወጣ። ላይ ላዩን የፍቅረኛሞች ጠብ ናት፤ ሳንሱሩም አሳለፋት። ሸክላው በብዛት ከተሸጠ በኋላ ነው ባለሥልጣኖቹ «አንተ» የተባሉት እነሱ መሆናቸው የገባቸው። ዘፈኗ ታገደች፣ ሸክላውም ተሰበሰበ። ሺኮ፣ ይቺ «ቮሴ» ማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዛዥ ናዛዥ የሆነች አንዲት ሴት ናት ብሎ መለሰ ይባላል። መልሱ የሚያስኬደው «ቮሴ» የሚለው ቃል ወንድና ሴት ስለማይለይ ነው። እስቲ ወደ አማርኛ መልሷት! «አንተ» ወይ «አንቺ» ማለት ግድ ነው፤ ምስጢሩ ገና ከርእሱ ይፈርሳል።

በ1973 ደግሞ ሺኮና ዢል «ካሊሲ»ን ጻፉ። ቃሉ ሲነበብ ጽዋ ነው፤ ሲሰማ ግን «ዝም በል» ማለትም ይሆናል። የቅኔ መምህር የሚያስፈነድቅ ኅብረ ቃል ነው! ሳኦ ፓውሎ ላይ መድረክ ወጥተው ሊዘፍኗት ሲሉ ማይክራፎኑ ተቋረጠባቸው። ዝም በል የምትለዋን ዘፈን ዝም አሰኟት ማለት ነው። በሸክላ የወጣችው በ1978 ነው።

በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ ይኼ እንግዳ አይሆንብንም። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ዘፈን በሰማን ቁጥር ወርቁን ብቻ የምናድን ከሆነ አሰማማችን የሳንሱሩ ሹም አሰማም ይሆናል። እሱም እኮ ስለ ዜማው ደንታ የለውም፤ የሚፈልገው የተደበቀውን ብቻ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ካርቶላ ነው። ካርቶላ በ1928 ማንጌይራ የተባለውን ዝነኛ የሳምባ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ኋላ ተረሳ፤ መኪና እያጠበ ሲኖር አንድ ጋዜጠኛ አገኘው። የራሱን የመጀመሪያ አልበም ያወጣው በ1974፣ በ65 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ «ጽጌረዳዎች አይናገሩም» የምትባለውን ዘፈነ። ፍቅሩ የሄደችበት ሰው ለአበቦች ያማርራል፤ በቃ። ጄኔራል የለበትም፣ የተቆለፈ ምስጢር የለበትም። ግን ያንን የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ የሰማ ሰው «ምን ይጠቅማል?» ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ስሟቸው፦ መጀመሪያ ቫንድሬን፣ ከዚያ ሳቢያን፣ ቀጥሎ የሺኮን ሁለቱን፣ መጨረሻ ላይ ካርቶላን። ፖርቱጋልኛ አለማወቃችን አያግደንም፤ ትርጉሙን ፈልገን ከጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ክርክሩ እንደሁ አይቀርልንም። ብቻ ከመካከላችን አንዱ ስለ ወፍ ወይም ስለ አበባ የጻፈውን ግጥም ሊያነብ ሲነሣ፣ እስኪጨርስ ድረስ እናዳምጠው።