ምን ዕቃ ቀየርክ?

በእኛ አገር ኤሌክትሮኒክስ አይበላሽም፤ ይሞታል። ቴሌቪዥኑ ሞተ፣ ስልኩ ሞተ፣ ቻርጀሩ ሞተ። ሞቱ አንዴ ከታወጀ ምርመራ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው የአዲሱ ዋጋ ነው።

የእህቴ ልጅ በትርጉም ሥራ የምትተዳደር ናት። ላፕቶፗን የገዛችው በዕቁብ ነው፤ ዕጣው ቀድሞ ወጥቶላት ገና የ7 ወር መዋጮ ይቀራታል። አንድ ማታ ማሽኑ አፕዴት አደርጋለሁ ብሎ ጀመረ። ስክሪኑ ጠቁሮ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ቆየ። «ስታክ አድርጓል» ብላ ማጥፊያውን ተጭና ያዘችው። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ድርግም። የሸጠላት ሱቅ ሁለት ደቂቃ አየውና «ማዘርቦርዱ ሞቷል» አላት። የአዲሱ ቦርድ ዋጋ የላፕቶፑን ግማሽ ያልፋል።

መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከሌሎች ጋር ጠረጴዛ ተጋርቶ የሚሠራ ወጣት አለ ተባልንና ይዣት ሄድኩ። ከፈተው፣ ለካው፣ ቀና አለ። «ፋዘር፣ ቦርዱ ደህና ነው። የጠፋው ጽሑፉ ነው።»

ጽሑፍ! ጆሮዬ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በአንዲት ቺፕ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ ያነባል፤ ሚሞሪው የት እንዳለ፣ ስክሪኑ እንዴት እንደሚበራ፣ ዲስኩ በየት በኩል እንደሚገኝ የሚነግረው እሱ ነው። ያ ከጠፋ አካሉ ሙሉ ሆኖ ራሱን አያውቅም። ዛሬ ሌላ ስም ቢወጣለትም በየሱቁ የሚጠራው ባዮስ እየተባለ ነው። ባዮስ የእንግሊዝኛ ቃላት ምህጻር ነው፤ በግሪክኛ ግን ሕይወት ማለት ነውና የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ አይሆንለትም። ድሮ ጽሑፉ ከፋብሪካ ታትሞ የሚመጣ፣ የማይነካ ነበር። በኋላ እንዲታደስ ሲባል የሚፋቅና የሚጻፍ ሆነ፤ የሚጻፍ ነገር ደግሞ ይበላሻል። አንድ የታይዋን ተማሪ የሠራው ቫይረስ ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. በብዙ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ይህንኑ ጽሑፍ እየደመሰሰ ማሽኖቹን በድን አድርጓቸው ነበር። ቀኑ ከቼርኖቤል አደጋ ቀን ጋር ስለገጠመ ቼርኖቤል ተባለ።

ልጁ ባትሪውን ነቀለ። ቺፗ ስምንት እግር አላት፤ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ታንሳለች። በላይዋ ያለውን ቁጥር በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አነበበ፤ በ3.3 ቮልት የምትሠራ አለች፣ በ1.8 የምትሠራ አለች፣ ካልለዩ ማቃጠል ነው። ስምንት ጥርስ ያለው መቆንጠጫ ነክሶባት ፕሮግራመር ከሚሉት ትንሽ ዕቃ ጋር አገናኛትና በውስጧ የቀረውን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገለበጠ። ደግሞ ገለበጠ። ሁለቱን ቅጂዎች አመሳከረ፤ አልገጠሙም። እግሮቿን በአልኮል ጠርጎ መቆንጠጫውን አስተካከለ። አሁን ገጠሙ።

የብራና መጻሕፍትን ቅጂዎች የሚያመሳክር ምሁር ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

«የተበላሸውን ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የማሽኑ መለያ ቁጥርና የዊንዶውሱ ፈቃድ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ዝም ብዬ የሌላ ብጭንበት ይነሣል፤ ግን የሌላ ሰው ስም ይዞ ነው የሚነሣው።»

ከአምራቹ ያገኘውን ንጹሕ ጽሑፍ አወጣ፣ የእሷን ማሽን መለያዎች ከአሮጌው እየለቀመ አዛወረበት፣ ጻፈ፣ የጻፈውን መልሶ አነበበ።

ጽሑፉ ሲጻፍ አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ አየሁ፤ ውስጡ የሞቱ ቺፖች ናቸው። ምንድን ነው ብለው ሳቀ። ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዕቃ ቀየርክ?» ብሎ ነው። ምንም አልቀየርኩም ሲለው «ታዲያ ለምኑ ነው 3,000 ብር?» ይላል። ስለዚህ ከቆርቆሮው አንዷን ያወጣና «ይቺ ናት የተቃጠለችው» ይለዋል። ያኔ ሰውዬው አመስግኖ ይከፍላል።

ውሸቱን አላጸደቅሁለትም፤ ማን እንዳስተማረው ግን አውቃለሁ። በመምህርነት ዘመኔ ስንቱ ነው 200 ገጽ ተሸክሞ «እስቲ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ያለኝ! ሁለት ሳምንት ዓይኔን ስጥል ሻይ እንኳ አይጋብዝም፤ ወረቀቱን ላባዛለት ሱቅ ግን በገጽ ቆጥሮ ይከፍላል። ወረቀት ይታያላ!

ማሽኑ ተከፈተ። ጨለማ። የእህቴ ልጅ እጄን ያዘችኝ። «መጀመሪያ ሲነሣ ይቆያል፣ ሚሞሪውን እየተለማመደ ነው፤ አትንኪው» አላት። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል የአምራቹ ዓርማ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ የራሷ ፎቶ።

3,000 ብሩን ቆጥራ ሰጠችውና ለሥራዋ ደረሰኝ ጠየቀች። አወጣ። የታተመበት ሦስት ዓምድ ነው፦ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋ። እስኪርቢቶውን ይዞ ጥቂት አሰበ። ከዚያ «ቺፕ» ብሎ ጻፈ፤ ብዛት 1።