ከባምባው ኋላ የሚመጣው

ልጆቼ፣ እዚህ አገር ሕፃን ጥርስ ሳያበቅል ባምባ ያውቃል። እኔ ባምባን አልጠላውም፤ በቆሎ፣ ለውዝ፣ ዘይትና ጨው ነው። እ.አ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት የእስራኤልንና የእንግሊዝ አገርን የአይሁድ ልጆች ሲያነጻጽር፣ የለውዝ አለርጂ እዚያ አሥር እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ። የኛዎቹ ገና በጨቅላነታቸው ስለሚቀምሱት ይሆናል ተባለ። በ2015 ለንደን ላይ የተደረገው ሙከራም ይህንኑ አሳየ። የቲፓት ሐላብ ነርስ «ለውዝ አስጀምሩት» ስትል እንግዲህ በከንቱ አይደለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከባምባው ኋላ የሚመጣው ነው። ቀይ ሽሮፕ በጡጦ፣ ጣፋጭ ፑዲንግ በማንኪያ፣ ዝም እንዲል ደግሞ ቸኮሌት። የአሥር ወሩ የልጅ ልጄ ፑዲንግ በለመደ በሳምንቱ የገብስ ገንፎዬን በምላሱ ገፍቶ አወጣው። ምን ያድርግ? ያን ካወቀ ገብስ ምን ይለዋል!

ጎንደር ሳለን ሕፃን ጡት ይጠባ ነበር፤ ቀጥሎ ቀጭን አጥሚት፣ ከዚያ ከትልቁ ሰው ሽሮ በጣት ጫፍ። ሁሉም መልካም ነበር አልልም፤ አራስ ልጅ ቅቤ ማዋጡን የዛሬ ሐኪም አይፈቅድም። ስኳር ግን ለእንግዳ ሻይ ነበር። እኛ ደግሞ መጥተን የሰፈርነው ስኳር ፋብሪካ ያለበት ከተማ፣ ቂርያት ጋት!

ስንመጣ የስኳር በሽታ በመካከላችን ብርቅ ነበር። ዛሬ ጎረቤቶቼን ብቆጥር ኪኒን ወይም መርፌ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ሐኪሞች እንዳጠኑት፣ የኛ ሰው ሳይወፍርም፣ ቀጭን ሆኖ እንኳ፣ ከሌላው በበለጠ በስኳር ይያዛል። ስለዚህ «ልጁ ከሳ፣ ትንሽ ጣፋጭ ስጡት» የሚሉ አያቶች ካሉ፣ እኔ አልስማማም፤ መክሳቱ ከዚህ በሽታ አያድነውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጣፋጭ መጠጥ አትስጡ ይላል።

ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ የበዛበት ጥቅል ላይ ቀይ ምልክት አለ። ሥዕል ስላለው ዕብራይስጥ የማይችልም ያየዋል። እናንተ ደግሞ ማንበቡንም ትችላላችሁ።

ሕፃን አዲስ ምግብ እስኪለምድ ስምንት፣ አሥር ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኔም ፑዲንጉን አስቀርቼ በየቀኑ ገንፎ አቀረብኩለት። በሰባተኛው ቀን ሦስት ማንኪያ በላ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ጨመርሽበት?» አለችኝ። «ገብስና ውሃ ነው» አልኳት። አላመነችኝም፤ ማንኪያውን ወስዳ ራሷ ቀመሰችው።