ከአዳማ እስከ ዋሽንግተን

ባለፈው ክረምት በአዳማ የሚኖሩት የእናቴ እኅት፣ በዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው በሰላም ተገላግላለችና፣ አራሲቱን ለመጠየቅ ተነሡ። እኔም እስከ ቦሌ እንድሸኛቸው ታዘዝሁ። የአጥሚቱን ዱቄት በሻንጣ ስናሰናዳ፣ «ልጄ ባለፈው ስትመጣ በ13 ሰዓት ደረስሁ አለችኝ፤ ለእኔ ግን 16 ሰዓት ተኩል ይላሉ። መንገዱ ለእኔ ሲሆን ይረዝማልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ለጨዋታ የተጠየቀ መስሎኝ ሣቅሁ፤ ኋላ ግን መልሱን ሳጣው አፈርሁ።

አዳማ፣ ናዝሬት ስትባል በኖረችበት ዘመን፣ የሩቅ አገር መንገደኛ ሁሉ በባቡር የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ 784 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከጅቡቲ ወደብ ለመድረስ በመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ቀን ያህል ይፈጅ ነበር፤ ሌሊት አይጓዝም ነበርና። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የወረዱት በዚሁ መሥመር ነው። ከጅቡቲ ወዲያ ገና መርከቡ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ ወዲህ ግን ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ወደ ቈላው መውረዱን ትቶ ወደ ደጋው ይወጣል።

እኛም ወጣን። ከመቂም ሆነ ከባቱ ወይም ከሻሸመኔ የሚመጣው መንገደኛ በሞጆ በኩል ይገናኘናል። ክፍያ የሚጠየቅበት ፈጣኑ ጐዳና 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዳማ ከቦሌ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናትና ጕዞው ዳገት ነው፤ ጆሮ ይደፍናል።

የአክስቴም ጥያቄ መልሱ ያለው በዚሁ ዳገት ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው እርሱን ነውና፣ ሰውና ነዳጅ ጠግቦ የጫነ አይሮፕላን ከዚያ መነሣት ይሳነዋል። ስለዚህ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ለሚያህለው መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ሳይሞላ ይነሣና፣ እንደ ጊዜው በደብሊን ወይም በሮም ወርዶ ይቀዳል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን የሚነሣው ከቈላ ስለሆነ ሳያርፍ ይመጣል። ደግሞም በላይኛው ሰማይ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይበረታልና ሂያጁን ይገታል፤ መጪውን ይገፋል።

በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ግንባታው በ2018 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የአይሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል፣ ይህን ችግር ሊያቃልል ታስቧል። ለአዳማ ሰውም ቅርብ ይሆናል። እኔ ግን እርሻቸውን ለቀው የሚነሡትን ገበሬዎች ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

ይህን ሁሉ በመኪና ውስጥ ሳስረዳቸው አክስቴ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲያስ መምጣቱ ይቀላል ማለት ነው፤ ይህንን ለልጄ እነግራታለሁ» አሉ። አይሮፕላኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነሣ። የዋሽንግተን ሰዓት በክረምት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር የገቡት በዚያ አገር ጧት በ2 ሰዓት ነው፤ በአዳማ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። የእጅ ሰዓታቸውን አላስተካከሉትም። ሲደውሉልን መጀመሪያ የጠየቁት በአዳማ ዝናቡ መጣል አለመጣሉን ነው፤ የሕፃኑን ስም የነገሩን ከዚያ በኋላ ነበር።