የታመመን ሰው ስለ መውደድ

የሚወድ ሁሉ ጠቃሚ አይደለም። እኅቴ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው ሕመም አለባት። ይህ ደዌ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት ነው።

ቤተ ዘመዱ ከርኅራኄ የተነሣ «አትነሺ፤ ተቀመጪ» ይላታል፤ ገንፎውን በቅቤ፥ ሻዩን በብዙ ስኳር ያቀርብላታል። ከመቀመጥ ብዛት ክብደቷ ጨመረ፤ በደሟ ያለው ስኳርም ከፍ አለ። ሐኪሟ እንደ ነገሯት፥ በዚህ ሕመም ላይ የስኳር በሽታና የደም ግፊት የተደረበበት ሰው መራመድ የሚሳነው ቶሎ ነው። በመጠኑ እንድትንቀሳቀስም መከሯት። እናታችን ግን «የታመመች ልጄን አላደክምም» ብለው ይቆጣሉ።

በእናታችን አይፈረድም፤ ቀድሞ ሐኪሞችም ለዚህ ሕመም ዕረፍትን ያዝዙ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ግን በአሜሪካ አገር፥ በዩታ፥ በ54 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። 15 ሳምንት ሰውነታቸውን ያሠለጠኑት ጉልበታቸው በረታ፤ በደማቸው ያለው ስብም ቀነሰ። ሕመሙ አልዳነም፤ ሰውየው ግን በረታ።

ወጣቶች ሆይ፥ ለታመመ ሰው ወንበር ማቅረብ ቀላል ነው። በእርሱ እርምጃ ልክ እያዘገሙ አብሮ መሄድ ግን ትዕግሥትም ዕውቀትም ይጠይቃል። ፍቅራችሁ ይህን ይማር።