የአዋሿ ባለ ቢጫ ነጥብ ድንቢጥ

ልጆች ይዞ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓጓው ሳላና አዞ ለማየት ነው። እውነትም በኢላላ ሳላ ሜዳ ሳላ፣ ከፏፏቴው በታች ደግሞ አዞ አለ። አውሬው ባይገኝ እንኳ ልጆችን ባዶ እጃቸውን የማትመልስ አንዲት ወፍ አለች፤ የቆላዋ ድንቢጥ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ሲሆን ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አዳማንና ወለንጪቲን አልፋችሁ፣ በሰቃ ሐይቅንና የፈንታሌን ተራራ እያያችሁ መተሐራ ስትደርሱ ቆላ መግባታችሁን ሙቀቱ ይነግራችኋል። ውሃና ኮፍያ አትርሱ። ለወፍ ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው።

ይቺ ድንቢጥ በጣሪያችን ሥር ጎጆ ለምትሠራው ድንቢጥ ዘመዷ ናት። የቤቷ ጀርባዋ ቀላ ይላል፤ የቆላዋ ግን መልኳ አቧራ ነው። ልጆቹ ዓይኗን የከበበውን ነጣ ያለ ቀለበት ይፈልጉ። ቀና ስትል ደግሞ ጉሮሮዋ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ብቅ ትላለች። ሊቃውንት ጂምኖሪስ የሚሉት ይህ ወገን አራት ዓይነት ድንቢጦች አሉት፤ ሁለቱ በአገራችን ይኖራሉ።

በልጅነታችሁ ማማ ላይ ሆናችሁ ማሽላ የጠበቃችሁ አያቶች እዚህ ላይ የምትነግሯቸው አላችሁ። ማሳ የሚያወድመው በመንጋ የሚወርደው ግሪሳ ነው። ይቺ ግን ጥንድ ጥንድ ሆና ወይም በጥቂቱ ተሰብስባ የሣር ፍሬና ነፍሳት ትለቅማለች።

የምትፈለፍለው በግንድ ሽንቁር ውስጥ ነው። ሽንቁሩን ራሷ አትቦረቡርም፤ ግንደ ቆርቁር ትቶት የሄደውን ወይም ዛፉ ሲያረጅ የተከፈተውን ትይዛለች። ስለዚህ ለእኛ የማይረባ የሚመስለን ያረጀ፣ የደረቀ ግራር ለእሷ ቤት ነው።

በመመለሻችሁ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የተደረደረ ከሰል ታያላችሁ። ሻጩ የልጆቹን እንጀራ ነው የሚፈልገው፤ በእሱ መፍረድ አይገባም። እኛም ቡናችንን ያለ ከሰል አናውቀውም። ሆኖም ያ ግራር ለዚያ ዕድሜ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀበት፣ ከረጢቱ ግን ስንት ቀን እንደሚያገለግል ከልጆቹ ጋር አስሉት። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልቶ ከሰሉን ለበዓል ማቆየት ብዙዎቻችን የምንችለው ነገር ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ያረጀ ዛፍ ካለም፣ ለቤትና ለሰው የማያሰጋ ከሆነ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ሽንቁሩን ልጆቹ ይዩት።