ግላስጎው፤ ከአዳራሹ በላይ የኖረው ዘፋኝ

የስኮትላንዷ ግላስጎው ስሟ የገነነው በመርከብ ሥራ ነው። ከመሀል ከተማው በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍረው ሂልሄድ ጣቢያ ሲወርዱ ግን ጸጥ ያለች ሌላ ግላስጎው ያገኛሉ፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የባየርስ ጎዳና ካፌዎች፣ በመንገዱ ጫፍ ደግሞ የዕፅዋት መናፈሻው። ባቡሩ 15 ጣቢያዎች ያሉት ክብ መስመር ስለሆነ እንቅልፍ ጥሎት ያለፈ ሰው እንኳ ዞሮ ይመለሳል።

ቤል ኤንድ ሰባስቺያን የተባለው ባንድ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ስሙን የወሰደው ስለ አንድ ልጅና ስለ ትልቅ ውሻው ከሚተርክ የፈረንሳይ የልጆች ታሪክ ነው። ሙዚቃቸው ጩኸት አይወድም። ጊታርና ፒያኖ ከቫዮሊን፣ ከቼሎና ከትራምፔት ጋር ተስማምተው ዘፈኑ በለሆሳስ ይወርዳል።

የባንዱ መሪ ስቱዋርት መርዶክ ገና በወጣትነቱ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ያዘው። ለሰባት ዓመት ያህል ሥራ መሥራት አልቻለም። ለወላጅ እንዲህ ያለ ጊዜ እጅግ ረጅም ነው። ዘፈን መድረስ የጀመረው ግን በዚያው የሕመም ዘመን ነበር።

ሲሻለው ሁለት በሮች ተከፈቱለት። አንደኛው ስቶው ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ የሙዚቃ ንግድ ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ነጠላ ዘፈን ያሳትሙ ነበር። የመርዶክ ዘፈኖች ብዙ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ሙሉ አልበም አወጡለት። የታተመው 1,000 ሸክላ ብቻ ነው፤ በኋላ ሰብሳቢዎች በብዙ መቶ ፓውንድ ይፈልጉት ጀመር።

ሁለተኛው በር ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ1995 እስከ 2003 ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በላይ እየኖረ አዳራሹን ይጠብቅ ነበር። ባንዱ በ1999 ብሪት የተባለውን የብሪታንያ ታላቅ የሙዚቃ ሽልማት በአዲስ ተስፈኛነት ሲያሸንፍም ሥራውን አልተወም።

ከዚያ ወዲህ ቼሎ ተጫዋቿን ጨምሮ የተለዩ አባላት አሉ፤ ባንዱ ግን አልፈረሰም። መርዶክም በ2014 ፊልም፣ በ2024 ደግሞ የሕመሙን ዘመን መነሻ ያደረገ ልብ ወለድ አውጥቷል።

ግላስጎው የሚሄዱ ከሆነ ከልጅዎ ወይም ከልጅ ልጅዎ ጋር በባየርስ ጎዳና ቀስ ብለው ይራመዱ። እኩዮቹ ቀድመውት ቤት የዋለ ልጅ ካለዎት፣ የዚህ ሰፈር ታሪክ ለእርሱም ለእርስዎም ስንቅ ነው፤ ልጁ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ሲነሳ ደግሞ በር የሚከፍትለት ሰው።